ፍሬን የሌለው ሥዕል

ዶክተር አስናቀ ሞተ። የነገረኝ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደውሎ፣ "ጋሽ ጌጡ፣ ዶክተር አስናቀ አርፈዋል" አለኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ሳልጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ። "ለመታሰቢያው የሚሆን ሁለት ገጽ ይጻፉልን። ከእርስዎ የበለጠ አብሯቸው የሠራ ሰው የለም። ጥሩ ጥሩውን ነው፣ መቼም ያውቁታል።" ልጅ ነው ኃላፊው፤ እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ነው የተቀጠረ። "ያ ትልቁ ሥዕላቸውም አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል" ሲል ጨመረልኝ። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሰው ሞቶ መሳቅ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ሳቅሁ።

ጥሩ ጥሩውን አለኝ። እሺ። ሁለት ገጽ የሚሞላ ጥሩ ነገር ፍለጋ ሦስት ቀን አሰብሁ፣ ያገኘሁት ሁለት መስመር ነው። እሱን መጀመሪያ ጽፌ ልገላገል። የእጅ ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ሰሌዳ ላይ ክብ ሲሠራም ያለ ኮምፓስ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ መነሻና መድረሻው ሳይዛነፍ ይገጥምለት ነበር። ጥሩው ይኸው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል። በሕይወት ሳለ አንቱ እያልሁት ኖሬአለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ስሰጠው ኖሬአለሁ። አሁን ይበቃኛል። እዚህ ወረቀት ላይ "እሱ" ነው የምለው።

እኔ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርሁ። ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ኬሚካል እበጠብጣለሁ፣ ተማሪ እጁን እንዳያቃጥል እጠብቃለሁ። ለሙከራ የሚሆነውን የዓሣ ጉበት በጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ሰዒድ ከሚባል ዓሣ አጥማጅ ገዝቼ፣ በበረዶ ይዤ እመጣለሁ። አስናቀ አስተማሪው ነው። የሚያስተምረው ሰውነታችን ስኳርን እንዴት እያነደደ ጉልበት እንደሚያወጣ፣ በየእርምጃውም ኢንዛይም የሚባሉት ሠራተኞች ምን እንደሚሠሩ ነው። ግሩም ትምህርት ነው። እኔ እንኳ ብርጭቆ እያጠብሁ፣ በሩ ገርበብ ሲል ከሚመጣው ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ወድጄዋለሁ። ይህን ትምህርት ነው እንደ ስልክ ቁጥር በቃል የሚያስጠናው።

ላብራቶሪ ውስጥ እግሩን አያስገባም። በር ላይ ይቆምና አራት ቦታ የታጠፈች ነጭ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። "ጌጡ፣ ይህ የወጥ ቤት ሥራ ነው" ይለኛል። የተፈጨ የዓሣ ጉበት ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲልበት በአንድ አፍታ አረፋው ከብርጭቆው አፍ ይገነፍላል። ልጆቹ ኢንዛይም የሚባለው ነገር እውነት መኖሩን የሚያምኑት ያን ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ የሰለቸው ፊት ሲፈታ አየዋለሁ። አስናቀ ይህን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አላየም። መሐረቡን አጥፎ፣ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል።

የሻይ ብርጭቆው ላይ ሳይቀር ነጭ ፕላስተር ለጥፎ "ዶ/ር" ብሎ ጽፎበት ነበር። የመምህራን ክበብ አስተናጋጇ ተሳስታ በሌላ ብርጭቆ ካቀረበችለት አይጠጣም፤ ሻዩ እፊቱ ይቀዘቅዛል። መጠቆሚያው ደግሞ የመኪና አንቴና ነበር። ከየትኛው መኪና እንደነቀለው እግዜር ይወቅ። ይመዘዋል፣ ይጠቁማል። ተማሪ ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነሣ በመዳፉ እየገፋ መልሶ ያስገባዋል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ። አንቴናው ገብቶ ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። "ሳይንስ አይከራከርም" ይልና ሰዓቱን ያያል። መልሱ ይህ ነው። ተማሪው ይቀመጣል።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። መጀመሪያ ግን ትምህርቱን በአጭሩ ላስረዳ፣ ካልሆነ የሰውየው ጉድ አይገባችሁም። ሴል ስኳርን የሚያነድደው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ስኳሩን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጣሪው እየተዞረ ወደሚሠራበት ዑደት ይገባል፤ ከዚያ ሁሉ ሥራ ኤቲፒ የሚባል ጉልበት ይመረታል። ስንጠቃው ላይ አንድ ስሙ የረዘመ ኢንዛይም በር ይጠብቃል። ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ ነው የሚባል፣ ተማሪዎቹ አሳጥረው ፎስፎ ይሉታል። ጉልበት ሲያንስ ፎስፎ በሩን ይከፍታል። ጉልበቱ ሞልቶ ሲተርፍ ግን የተመረተው ኤቲፒ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ይይዘዋል፣ በቃን ይለዋል። ከዑደቱ የሚተርፈው ሲትሬትም እንደዚሁ መጥቶ ይይዘዋል። ፍሬን ማለት ነው። ፍሬኑ ባይኖር ሴሉ ያለውን ስኳር ሁሉ ያለ ፋይዳ አንድዶ ይጨርስ ነበር። ሥዕል ላይ ፍሬኑ የሚታየው በክብ ውስጥ በተሰመረች የመቀነስ ምልክት ነው፤ ነዳጁ ደግሞ በመደመር ምልክት። በቃ ይኸው ነው፣ ማንም ይገባዋል።

አንድ ዓመት ላይ አስናቀ ይህን ሁሉ የያዘ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል በሸራ ይሠራልኝ አለ። ንድፉን በእርሳስ አንድ ወረቀት ላይ አወጣው። ያን ወረቀት አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ ኋላም እኔ ዘንድ ነው የቀረ። አምስት ክቦች ነበሩበት። አራቱ ውስጥ መቀነስ፣ አንዷ ውስጥ መደመር። አንድ ስሕተት አልነበረበትም። ሰውየው ያውቅ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ሹም አቦ ሰፈር፣ ይርዳው የሚባል ታፔላ ሠሪ ዘንድ ሄድሁ። ይርዳው የከተማውን ክሊኒክና ፋርማሲ ታፔላ ግማሹን የሠራ ሰው ነው። በሳምንቱ ሸራውን ልወስድ ስሄድ ግድግዳ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። አምስቱም ክቦች ውስጥ ቀያይ መስቀል ተሥሏል። አምስቱም መደመር።

"ይርዳው፣ ይህ ምንድን ነው?" አልሁት።

"ምኑ?"

"መስቀሎቹ።"

"እህ፣ ዶክተሩ አንዷን ብቻ ጨርሰው አራቱን ጀምረው ትተዋቸው የለ? ቸኩለው ነው መሰለኝ። ሞላሁላቸው።"

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በክብ ውስጥ መስቀል ሲሥል የኖረ ነው፤ ግማሽ መስቀል ቢያይ ምን ያድርግ። ደግ የሠራ መስሎታል። ይርዳውን አንድ ቀን ወቅሼው አላውቅም።

ሸራውን ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ላይ አጋድሜ፣ ወደ ግቢ ይዤ መጣሁ። አስናቀ ቢሮ ዘረጋሁትና ነገሩን ሁሉ፣ ይርዳው ያለኝንም ጭምር፣ ነገርሁት። "ዶክተር፣ ፍሬኑ የለበትም" አልሁት። ፊቱ ቅጭም አለ። ስሕተቱን አየው፤ ማየቱን አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ከሥዕሉ ሥር፣ ስንዝር በሚያህል ፊደል፣ "አዘጋጅ፦ ዶ/ር አስናቀ" ተብሎ በቀይ ተጽፏል፤ ጥላ ሁሉ ተበጅቶለታል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ስሜን አሳምሮ ጽፎታል። ስቀለው።"

"ይርዳው በአንድ ሰዓት ያስተካክለው ነበር፣ ነጭ ቀለም ጣል ቢያደርግበት..."

"ሸራው ይዥጎረጎራል። ስቀለው አልሁህ።"

ሰቀልሁት። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት ምልክቶቹ ጋ ሲደርስ አንቴናውን ቶሎ እያሳለፈ ዘለላቸው። ምናለ እንዲሁ እየዘለለ በኖረ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ተነሣና፣ "ዶክተር፣ መጽሐፉ ኤቲፒ ሲበዛ ፎስፎ ይቀንሳል ይላል፤ ሥዕሉ ይጨምራል ይላል" አለ። እኔ ለሙከራ የሚሆን ብርጭቆ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቴናው ቀጭ ቀጭ አለ። አሁን ይነግራቸዋል፣ ሠዓሊው ነው የተሳሳተ ብሎ ስቆ ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። ማን ይቀየመው ነበር?

"የያዝኸው አሮጌ እትም ነው" አለ።

መጽሐፉ ከሸራው ይልቅ አዲስ ነበር። ልጁ ተቀመጠ። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ወስዶ፣ ኤቲፒ ፎስፎን እንዴት እንደሚያፋጥነው ከራሱ አውጥቶ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ፈተናው ሁሉ "በሥዕሉ መሠረት አስረዱ" የሚል ሆነ። ሥዕሉ ስሕተት ከሆነ መልሱም ስሕተት መሆን ነበረበት፤ ሆነም። የላይኛው ዓመት ተማሪዎች አዲስ ገቢዎቹን የሚመክሩት ምክር ወጣለት። ፔዳ በር ላይ ያሉት ሻይ ቤቶች ውስጥ ተቀምጠው፣ "አስናቀ ላይ መጽሐፍ አታንብቡ፣ ሸራው ላይ ያለውን ገልብጡ፣ ሁሉም መደመር ነው" ይሏቸዋል። ልጆቹም ይገለብጣሉ። ኤ ያገኙበታል። አብዛኞቹ ዛሬ መምህራን ናቸው፤ የት የት እያስተማሩ እንደሆነ ሳስበው ይደክመኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ለብቻው አየሁት። ከሰዓት ነበር፣ ተማሪ ወጥቷል። ሸራው ፊት ቆሞ፣ የአንቴናውን ጫፍ አንዷ መስቀል ላይ አድርጎ ቋሚዋን መስመር ጋርዷታል። አግድሟ ብቻ ትታያለች። እንደዚያ አድርጎ ብዙ ቆየ። አሁን ጠርቶኝ ነጭ ቀለም አምጣ ቢለኝ ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። ኮቴዬን ሲሰማ አንቴናውን ዘጋና፣ "አቧራ ነክቶታል፣ አስወልውለው" ብሎኝ ሄደ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባዘንሁለት፤ ግን ስንፍና አልነበረም። ዕውቀቱ ነበረው፣ ረግጦት ነው የሚሄድ።

ከዚያ ሐያት መጣች። ጉበት የምገዛበት የሰዒድ ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ሲሠራና መረብ ሲጠገን ያደገች፣ ከሰፈሯ ሴት ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ። የእንግሊዝኛዋ ነገር አስቸግሯት በመጀመሪያው ዓመት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። አንድ ኤፍ ብትደግም መባረር ነው፤ ይህን እሷም አባቷም እኔም እናውቃለን። ላብራቶሪ ውስጥ እንደሷ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም። አረፋው ከገነፈለ በኋላ ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ሲሄዱ እሷ ትቀራለች፤ ለምን ቆመ ትለኛለች። ለምን ጀመረ የሚለኝ ብዙ ነው። ለምን ቆመ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን የፎስፎን ነገር ከመጽሐፍ አንብባ መጣችና፣ "ጋሽ ጌጡ፣ ይህንማ አውቀዋለሁ" አለችኝ። "አባቴ ዓሣው ገና እየመጣ እያለ መረቡን ያነሣል። ታንኳዋ የምትችለውን ያውቃል። ዓሣ በዛ ብሎ የሚጨምር ሰው ይሰምጣል።" እንዲህ ሲገለጽ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ሸራው ላይ ያለው ግን ሌላ መሆኑን፣ በሸራው እንድትጽፍ ነገርኋት። ሳቀች። "ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ እንዴት እጽፋለሁ?" አለችኝ።

አልጻፈችም። ፈተናው ላይ አራቱንም መቀነስ አደረገቻቸው፣ ከሥሩም ለምን እንደሆነ አብራራች። አስናቀ በቀይ ከዳር እስከ ዳር ሰርዞ፣ "በሥዕሉ መሠረት አይደለም" ብሎ ዜሮ ሰጣት። ጥያቄው ትልቅ ነጥብ የያዘ ስለነበር ኤፍ ሆነ። አቤቱታ ጻፈች። ጉዳዩን ሦስት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ እንዲያየው ተባለ።

ላብራቶሪ መጥታ አላለቀሰችም፤ ቆማ ቀረች። እኔ ነኝ መሳቢያዬን የከፈትሁ። የእርሳሱን ንድፍ አውጥቼ አሳየኋት። "ይኸውልሽ፣ የገዛ እጁ ነው። ኮሚቴው ፊት ይዤው እቀርባለሁ። አይዞሽ፣ እመሰክርልሻለሁ" አልኋት። ወረቀቱን ሳትነካው ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። "እውነት ይመሰክሩልኛል?" አለችኝ። እውነት አልኋት።

ግንቦት ነበር። ሙቀቱ ስለከበደ የስብሰባው ክፍል መስኮቶች ሁሉ ተከፍተዋል። ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሐያትና አባቷ ሰዒድ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰዒድ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ በደንገል ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ ይዟል። ሳልፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ገባሁ፣ ወረቀቱን አስናቀና ሦስቱ መምህራን የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። "ይህ ዶክተር አስናቀ ለሥዕሉ የነደፉት ነው። ምልክቶቹ እንደ ሐያት ናቸው" አልሁ። እስከዚህ ድረስ ተናግሬአለሁ፤ ማንም አልተናገርህም ሊለኝ አይችልም። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ አስናቀ ገፋው። አስናቀ አነሣው፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ። "የእኔ እጅ ነው። ጌጡ መቼም ምንም አይጥልም" አለ። ከደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣ። ወረቀቱን አስተካክሎ አስቀመጠና፣ በመጀመሪያዋ መቀነስ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር አሰመረ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ላይ። ሦስተኛዋ ላይ። አራተኛዋ ላይ። ደብዳቤ እንደሚፈርም ሰው ነው፣ አይቸኩልም። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ከደነ።

"ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፤ አንዷን ጨርሼ ሌሎቹን ጀምሬ ተውኋቸው። አሁን ሞላሁት" አለ። የይርዳውን ቃል ነው የሚናገር፣ እኔ ራሴ የነገርሁትን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይደለም እንዴ ጌጡ?" አለኝ።

እንግዲህ ሦስት የተማረ ሰው ተቀምጧል። ዓይናቸው እያየ ነው ያሰመረ። መስመሩ ሰማያዊ ነው፣ ሥሩ ያለው እርሳስ ነው፤ ለዚህ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ሦስቱም እኔን ያያሉ። የደረጃ ዕድገቴ ማመልከቻ የአስናቀ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው እሱ ነው። ሦስቱ ዶክተሮች ያልደፈሩትን ብርጭቆ አጣቢው እንዲደፍር ነው የሚጠበቅ?

"ይሆናል፣ ዶክተር" አልሁ።

ያልሁት ይህን ብቻ ነው። አዎ አላልሁም። ልብ በሉልኝ፣ አዎ አላልሁም። ኮሚቴው ሌላ ጥያቄ ሳያነሣ ነጥቡ ባለበት ይጽና ብሎ ወሰነ።

ስወጣ ሰዒድ ተነሥቶ ቆመ። "ተናገርህላት ወንድሜ?" አለኝ።

"ተናግሬአለሁ" አልሁት።

"አላህ ይስጥህ" አለኝና የደንገሉን ጥቅል በሁለት እጁ ሰጠኝ። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ነበር፣ ጠዋት የተያዘ። ተቀበልሁት። ሐያት መሬት መሬቱን ታያለች። አፍራ ነው ብዬ አለፍሁ። በሳምንቱ ከግቢ ወጣች። እኔም ከዚያ ወዲህ ጉበቱን ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርሁ፤ የሰዒድ ጉበት ትንሽ ይቆይ ነበር መሰለኝ።

አስናቀ በዚያው ዓመት ሽልማት አገኘ፣ ለማስተማሪያ መሣሪያ ዝግጅት ተብሎ። ሸራው ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ። አምስት መስቀል ከኋላው፣ አንቴናው በእጁ፣ መሐረቡ በደረት ኪሱ። ሰው እንዴት አንዲት መስመር ከመሰረዝ የሰው ልጅ መሰረዝ ይቀለዋል? ይህን ያህል ዓመት ሳስበው አልገባኝም። የማልረሳው ሰው ማን ነው ብትሉኝ እሱ ነው፤ የማልረሳውም ስለናቅሁት ነው። እስኪሞት ድረስ ናቅሁት። ሞቶም ንቀቴ አልቀነሰም። ኃላፊው ይህን ጥሩ ጥሩው ውስጥ ያግባው።

እስከዚህ የጻፍሁት ትናንት ነበር። ደግ አድርጌ ነገርሁት ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ ስኳሬን ልለካ ሹም አቦ ወዳለው ክሊኒክ ሄድሁ። ስኳር ከያዘኝ ሰንብቷል። ወረቀቱን ከዚያ ወጥቼ ለኃላፊው ላደርስ አጣጥፌ ኪሴ ይዣለሁ። የምታውቀኝ ሠራተኛ ተቀይራ ኖሯል። ማስክ ያደረገች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ካርዴን አየችና፣ "ጋሽ ጌጡ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። በድምጿ ለየኋት።

"ሐያት?"

"አዎ።"

"እዚህ ነሽ እንዴ?"

"እዚያ ከተባረርሁ በኋላ ጤና ኮሌጅ ገብቼ ላብራቶሪ ተማርሁ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ።"

"አባትሽ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው። ዓይኑ ስለደከመ ሐይቅ መግባቱን ትቷል። ጣትዎን ይስጡኝ።"

ወጋችኝ። ጠብታዋን መለኪያዋ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት ጠጣቻት። ወረቀቷ ላይም ኢንዛይም አለ፤ ስኳሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፣ ሁለታችንም አላነሣነውም። "ዶክተር አስናቀ ሞተ" አልኋት።

"የትኛው ዶክተር?"

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ዓይኗን አየሁ። አታሾፍም።

"አስናቀ ነዋ፣ የሸራው ሥዕል። አንቴናው።"

"እ፣ እሳቸው። ነፍስ ይማር። ስማቸው ጠፍቶብኝ ነው።"

ቅር አለኝ። እኔ ስለዚህ ሰው ስንት ቀን ስብሰለሰል ከርሜ እሷ ስሙ ይጠፋባታል። "እንዴት ይረሳል?" አልኋት። "ትምህርትሽን ያቋረጠብሽን ሰው? እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይኸው ጽፌበታለሁ።" ኪሴን መታ መታ አደረግሁ።

መለኪያው ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ካርዴ ላይ ጻፈች። "ከፍ ብሏል" አለች። ከዚያ ጥጥ ቆርጣ ጣቴ ላይ አደረገችና በራሴ እጅ አስያዘችኝ።

"እሳቸው እንደዚያ እንደሚያደርጉ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር" አለች። ቁጣ የለባትም፣ የመድኃኒት ሰዓት እንደምትነግር ሰው ነው የምትናገር። "ከእሳቸው የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። እኔ የማልረሳው እርስዎን ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር ጋሽ ጌጡ። አባቴም ሰምቷል።"

ሁለቱ ዓሣ አሁንም እጄ ላይ ያሉ መሰለኝ። ሰምቶ ነው ተናገርህላት ወይ ያለኝ። ሰምቶ ነው አላህ ይስጥህ ብሎ የሰጠኝ።

"ጥጡን ጫን አድርገው ይያዙት" አለችኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።